ልዩነትን የመለካት ሙያ፦ ዴቪድ ዊልኪንሰንና የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ዘመን

የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት በጽንፈ ዓለም ውስጥ መቼ መብራት እንደጀመሩ ለማወቅ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ፣ በግሪኩ ፊደል ታው የሚወከለውና ብርሃናዊ ጥልቀት የሚባለው ቁጥር ነው። የሚነበበው ከኅዋ ዳራ ማይክሮዌቭ ጨረር ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የጨረሩ ሞገድ ከሌሎች አቅጣጫዎች ይልቅ በአንደኛው አብልጦ ከመንዘሩ ነው። ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 ሲሆን፣ በዚያው ዕለት የለካችው ሳተላይት ስሟ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የማይክሮዌቭ አኒሶትሮፒ መርማሪ ትባል የነበረችው መንኮራኩር ከአምስት ወራት በፊት በሞት በተለዩት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ በዴቪድ ዊልኪንሰን ስም ተጠራች።

መታሰቢያው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ስማቸውን በያዘችው ሳተላይት የታወጀው የመጀመሪያው የታው ዋጋ ከብዙ ዓመታት ሥራ በኋላ ወደ ሲሶው ዝቅ ብሏል። ቁጥሩ ያን ያህል የወረደበትን ምክንያት ለመረዳት ዊልኪንሰን ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል፤ ልኬቱን የሚቻል ያደረገውም ሆነ በኋላ ያረመው ያው የአሠራር ባህል ነውና።

ዴቪድ ቶድ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በሜይ 13 ቀን 1935 በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት፣ ሂልስዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዚያው ግዛት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውንም እ.ኤ.አ. በ1962 ከዚያው ተቀበሉ። አማካሪያቸው ሪቻርድ ክሬን ነበሩ። የምርምሩ ርዕስ ከጽንፈ ዓለም ጥናት እጅግ የራቀ ይመስላል፤ የነጻ ኤሌክትሮንን መግነጢሳዊ ባሕርይ በከፍተኛ ጥራት መለካት ነበርና። ሆኖም የክሬን ቤተ ሙከራ ዘዴ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ብልሃት ነበረው። የኤሌክትሮኑ መግነጢሳዊ ቁጥር ከሁለት በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ትልቁን ቁጥር ለክቶ ሁለትን ከመቀነስ ይልቅ፣ ኤሌክትሮኑ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲዞር የሚያሳየውን ድግግሞሽ የራሱ ሽክርክሪት አቅጣጫ ከሚለዋወጥበት ድግግሞሽ ጋር በማስተያየት፣ የሁለቱን ልዩነት በቀጥታ መለካት ይቻላል። የትልቁ ቁጥር ስሕተት በዚህ መንገድ ከሂሳቡ ይወጣል። ወጣቱ ተመራማሪ ይህን ትምህርት ይዘው ነው እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ፕሪንስተን የተሻገሩት።

በፕሪንስተን የተቀላቀሉት የሮበርት ዲኪን የስበት ጥናት ቡድን ነበር። ዲኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በራዳር ምርምር ላይ ሲሠሩ በስማቸው የሚጠራውን ራዲዮሜትር ፈጥረዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማንኛውም ማጉያ መሣሪያ የራሱ ሁካታ አለው፤ ሁካታውም ከሚፈለገው ምልክት በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። መሣሪያው በፍጥነት እያፈራረቀ አንድ ጊዜ ሰማዩን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ የታወቀ ማነጻጸሪያን እንዲያይ ከተደረገና የሁለቱ ልዩነት ብቻ ከተመዘገበ፣ ሁለቱን የሚጋራው ሁካታ ይሰረዛል። ዊልኪንሰን ከሚሺጋን ይዘውት የመጡት አስተሳሰብ እዚህ የራዲዮ መሣሪያ መልክ ለብሶ ጠበቃቸው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዲኪ ለሦስት ወጣቶች ሥራ አከፋፈሉ። ጽንፈ ዓለም ቀድሞ እጅግ ሞቃት ከነበረ የዚያ ዘመን ጨረር ዛሬም ቀዝቅዞ በሁሉም አቅጣጫ ሊገኝ ይገባል የሚል እምነት ነበራቸው። ፒተር ሮል እና ዊልኪንሰን መሣሪያውን እንዲሠሩ፣ ጄምስ ፒብልስ ደግሞ ንድፈ ሐሳቡን እንዲያስቡ ተደረገ። ሁለቱ የሙከራ ሰዎች በ3.2 ሴንቲ ሜትር ሞገድ የሚሠራ ቀንድ መሰል አንቴናና በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ ማነጻጸሪያ በዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ማሰናዳት ጀመሩ። መሣሪያው ሳያልቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ከዚያው ከኒው ጀርዚ ግዛት፣ ከሆልምደል የቤል ቤተ ሙከራ ስልክ ተደወለ። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ለሌላ ዓላማ በተሠራ አንቴና ላይ ምንጩ ያልታወቀ፣ ከሰማይ ሁሉ እኩል የሚመጣ 3.5 ኬልቪን ገደማ የሆነ ትርፍ ሙቀት አግኝተው ኖሯል። የፕሪንስተን ሰዎች ወደ ሆልምደል ሄደው መሣሪያውን አዩ፤ ጉዳዩም ለሁለቱም ወገኖች ግልጽ ሆነ። ግኝቱና ትርጓሜው በዚያው ዓመት በአንድ መጽሔት ላይ ጎን ለጎን በሁለት ጽሑፎች ታተሙ።

ፔንዚያስና ዊልሰን ለግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ስለ ዊልኪንሰን የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ፣ በጥቂት ወራት በተቀደመ ቡድን ውስጥ ባለ አንድ ስም ይቆማል። ይህ ሚዛኑን የሳተ አቀራረብ ነው። አንድ ነጠላ ልኬት በ7.35 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ላይ ብቻ ሲገኝ ምንጩ ምን እንደሆነ አያረጋግጥም፤ የማንኛውም ያልታወቀ የራዲዮ ምንጭ ሥራ ሊሆን ይችላል። ጨረሩ ከጥንታዊው ሞቃት ዘመን የመጣ ከሆነ ግን በየሞገዱ ርዝመት የሚኖረው ብርታት የጥቁር አካልን ሕግ መከተል አለበት። ሮልና ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ውጤት በ3.2 ሴንቲ ሜትር ላይ 3.0 ± 0.5 ኬልቪን አገኙ። ሁለተኛው ነጥብ ይህ ነበር። ዊልኪንሰን በቀጣዩ ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር መሣሪያዎቻቸውን ይዘው በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ዋይት ማውንቴን ወጡ፤ ከፍታው የከባቢ አየሩን ጨረር ስለሚቀንስ በአጫጭር ሞገዶች ሳይቀር ለመለካት አስቻላቸው። ነጥቦቹ በአንድ ኩርባ ላይ መሰለፍ ቀጠሉ።

በዚያው በ1967 ከብሩስ ፓርትሪጅ ጋር ሌላ ጥያቄ አነሡ። ጨረሩ በእውነት ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው? መልሱ በሺህ ጥቂት እጅ ጥራት አዎን የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው የዊልኪንሰን የሙያ ሕይወት በአብዛኛው ይህን አዎን እየቆፈሩ፣ በየደረጃው የሚገኘውን ልዩነት የመፈለግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከተማሪያቸው ከብራያን ኮሪ ጋር በባሉን በተላከ መሣሪያ አንደኛው የሰማይ ገጽ ከተቃራኒው በጥቂት ሺህኛ የኬልቪን ክፍልፋይ እንደሚሞቅ አሳዩ፤ ይህም ምድራችን ከሥርዓተ ፀሐይዋና ከጋላክሲዋ ጋር በጨረሩ ውስጥ የምትጓዝበት ምልክት ነው። ዊልኪንሰን በአንድ ጉዳይ ብቻ የተወሰኑ ሰው አልነበሩም። የክራብ ኔቡላን ፑልሳር የብርሃን ምት በጥንቃቄ ከተከታተሉት አንዱ ነበሩ፤ የአፖሎ ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ ባስቀመጧቸው መስተዋቶች አማካይነት የጨረቃን ርቀት በሌዘር በለካው ቡድን ውስጥም ተሳትፈዋል፤ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ ከሌላ ሥልጣኔ ሊመጣ የሚችል የብርሃን ብልጭታን ለሚፈልግ ፕሮጀክት በፕሪንስተን አሮጌ የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያ አቁመዋል። በእነዚህም ቢሆን ሥራው አነስተኛ ምልክትን ከትልቅ ሁካታ መለየት ነበር።

የፖላራይዜሽን ጥያቄም ቀደም ብሎ የተነሣ ነው። ማርቲን ሪስ እ.ኤ.አ. በ1968 ጨረሩ በመጠኑ ፖላራይዝድ ሊሆን እንደሚችል በንድፈ ሐሳብ አመለከቱ። በፕሪንስተንም ፒተር ናኖስ በ3.2 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ይህን ለመለካት ሞከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ውጤታቸው ምልክት አላገኘም፣ ከዚህ አይበልጥም የሚል ወሰን ብቻ አስቀመጠ። ያ ወሰን ዛሬ ከሚታወቀው ምልክት እጅግ በጣም የሰፋ ነበር። መሣሪያዎቹ ለጥያቄው እስኪደርሱ ሌላ ሃያ ዓመት አስፈልጓል።

ምልክቱ ለምን ይህን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ሥነ ፊዚክሱ መግባት ያስፈልጋል። ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ በ380,000 ዓመት ገደማ ጽንፈ ዓለም በመቀዝቀዙ ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ተጣምረው ገለልተኛ ሃይድሮጅን ሆኑ፤ እስከዚያ በነጻ ኤሌክትሮኖች እየተበተነ መንገድ ያጣው ብርሃንም በነጻ መጓዝ ጀመረ። ዛሬ የኅዋ ዳራ ጨረር የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ከዋክብት ያልነበሩበት የጨለማ ዘመን ተከተለ። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ሲወለዱ ከ13.6 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ጉልበት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃናቸው በዙሪያቸው ያለውን ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ዳግም አስጣለው። ይህ ሂደት ዳግም አዮናይዜሽን ይባላል። ነጻ ኤሌክትሮኖች እንደገና በመገኘታቸውም ከዳራው ጨረር ጥቂቱ ወደ እኛ ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ሌላ ጊዜ ተበተነ። ታው የሚለካው የዚህን ብተና መጠን ነው፤ ታው 0.05 ቢሆን ከመቶ የጨረሩ ቅንጣቶች አምስት ያህሉ በዚያ ዘመን ተበትነዋል ማለት ነው። ዳግም አዮናይዜሽን በቀደመ ቁጥር ብርሃኑ ይበልጥ ጥቅጥቅ ባለ የኤሌክትሮን ባሕር ውስጥ ማለፍ ስላለበት ታው ከፍ ይላል።

ብተና ፖላራይዜሽንን የሚፈጥረው ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ከግራና ከቀኝ የሚደርሰው ጨረር ከላይና ከታች ከሚደርሰው የሞቀ መሆን አለበት፤ ይህ ባለ አራት ዋልታ ልዩነት ካለ የተበተነው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ አብልጦ ይነዝራል። ዙሪያው ሁሉ እኩል ከሆነ ምንም አይፈጠርም። በ380,000ኛው ዓመት የነበሩ ኤሌክትሮኖች ሊያዩት የሚችሉት አድማስ ጠባብ ስለነበር ያኔ የተፈጠረው ፖላራይዜሽን በሰማይ ላይ በዲግሪና ከዚያ ባነሰ ስፋት ይታያል። በዳግም አዮናይዜሽን ዘመን የነበሩት ግን አድማሳቸው በብዙ እጥፍ ሰፍቶ ነበር፤ ስለዚህ የእነርሱ አሻራ በአሥርት ዲግሪዎች ስፋት ላይ ይወጣል። ሁለቱን ዘመናት ለመለየት የሚያስችለው ይህ የስፋት ልዩነት ነው። የችግሩም ምንጭ ይኸው ነው። የአሻራው መጠን ከአንድ ማይክሮኬልቪን ሲሶ ገደማ፣ ማለትም ከጨረሩ ጠቅላላ ሙቀት ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ነው፤ በአሥርት ዲግሪዎች የተዘረጋ በመሆኑም ሰማዩን በሙሉ ማየትና መሣሪያውን ለወራት ሳይናወጥ ማቆየት ይጠይቃል። በዚያ ላይ የገዛ ጋላክሲያችን ፍኖተ ሐሊብ በመግነጢሳዊ መስኳ ውስጥ በሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖችና በአቧራዋ አማካይነት ከዚህ በብዙ እጥፍ የበረታ ፖላራይዝድ ጨረር ትለቃለች።

ይህን ያህል ስፋት ለመለካት ከባቢ አየርን ለቅቆ መውጣት የግድ የመሰለው ለዚህ ነው፤ ዊልኪንሰንም ወደ ጠፈር የሚወስደውን መንገድ ቀድመው ከጀመሩት መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 በጆን ማዘር መሪነት ለናሳ የቀረበውን ሐሳብ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። ከዚያ ሐሳብ የተወለደችው ኮቤ ሳተላይት በመጀመሪያ በጠፈር መንኮራኩር እንድትወጣ ታስባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር ከደረሰባት አደጋ በኋላ ለሮኬት እንደገና ተቀርጻ በኖቬምበር 1989 ተነሣች። የጨረሩ ስፔክትረም የጥቁር አካልን ኩርባ ፍጹም ሊባል በሚችል ሁኔታ እንደሚከተል አረጋገጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል የሆነውን የሙቀት ልዩነት በሰማይ ላይ አሳየች። በዚህ ሥራ ማዘርና ጆርጅ ስሙት እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ዊልኪንሰን በሕይወት አልነበሩም። የኅዋ ዳራ ጨረርን በተመለከቱ በእነዚህ ሁለት ሽልማቶች ጀርባ በሁለቱም ሥራቸው ያለ፣ በሁለቱም ስማቸው የሌለ ሰው ናቸው።

የኮቤ የሙቀት ልዩነት መለኪያ ዓይኑ ደብዛዛ ነበር፤ ከሰባት ዲግሪ ያነሰ ዝርዝር አያይም። ዊልኪንሰን ከላይማን ፔጅና ከተማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1995 በካናዳ ሳስካቱን ከተማ በቀዝቃዛና ደረቅ ክረምት ባካሄዷቸው ልኬታዎች የልዩነቱ ብርታት ወደ አንድ ዲግሪ ሲወረድ እየጨመረ እንደሚሄድ አመለከቱ። ቀጣዩ እርምጃ ሰማዩን በሙሉ በዚህ ጥራት የምታይ ሳተላይት ነበረች። የናሳው ጎዳርድ ማዕከልና ፕሪንስተን በቻርለስ ቤኔት መሪነት ያቀረቡት ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ1996 ተመረጠ፤ ሳተላይቷም በጁን 30 ቀን 2001 ተነሥታ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ሁለተኛው የላግራንዥ ነጥብ ተጓዘች።

የሳተላይቷ ንድፍ የዊልኪንሰንን ሕይወት የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ሊገምተው የሚችል ዓይነት ነው። ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ ሁለት ቴሌስኮፖች ነበሯት፤ በ140 ዲግሪ ገደማ የሚራራቁ ሁለት የሰማይ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ያያሉ። መሣሪያው የአንዳቸውንም ሙቀት ለብቻው አይመዘግብም፤ የሁለቱን ልዩነት ብቻ እንጂ። የዲኪ ራዲዮሜትር ሰማይን ከሂሊየም ማነጻጸሪያ ጋር ያስተያይ ነበር፤ ይህቺ ግን ሰማይን ከሰማይ ጋር አስተያየች። ከ23 እስከ 94 ጊጋኸርዝ ባሉ አምስት የድግግሞሽ መስመሮች መሥራቷ የፍኖተ ሐሊብን ጨረር ከዳራው ለመለየት ታስቦ ነው፤ የጋላክሲው ጨረር ከድግግሞሽ ወደ ድግግሞሽ ብርታቱ ሲለዋወጥ የዳራው ሙቀት አይለወጥምና። የምትዞርበት ሥርዓት፣ ሙቀቷን በራሷ የምትቆጣጠርበት መንገድ፣ እያንዳንዱን ነጥብ በብዙ አቅጣጫ ደጋግማ የምታይበት ዑደት ሁሉ አንድ ዓላማ ነበረው፤ የመሣሪያው ባሕርይ የሰማይን መልክ እንዳያስመስል መከላከል። ሳተላይቷ በዋነኛነት ለሙቀት የተሠራች ብትሆንም የእያንዳንዱ ቀንድ አንቴና ብርሃን በሁለት ቀጥ ዘንግ በሆኑ አቅጣጫዎች ተከፍሎ ለየብቻው ስለሚለካ ፖላራይዜሽንን ማንበብም ይቻል ነበር። ያም ንባብ የልዩነቶች ልዩነት ነው።

ዊልኪንሰን በዚህ ጊዜ ከካንሰር ጋር ለብዙ ዓመታት የኖሩ ሰው ነበሩ። ሥራውን አላቋረጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የጄምስ ክሬግ ዋትሰንን ሜዳይ ሰጥቷቸዋል። ሳተላይቷ ሰማዩን በሙሉ ቃኝታ መረጃዋን ስትልክ በሕይወት ነበሩ፤ ትንታኔው ይፋ እስኪሆን ግን አልቆዩም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 5 ቀን 2002 በፕሪንስተን አረፉ። ልክ በሁለት ሳምንቱ በደቡብ ዋልታ የቆመው ዳዚ የተባለው መሣሪያ ቡድን የዳራውን ጨረር ፖላራይዜሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ማግኘቱን አስታወቀ። ያ ግኝት የ380,000ኛውን ዓመት ፖላራይዜሽን የሚመለከት ነበር፤ የዳግም አዮናይዜሽኑ ሰፊ አሻራ ገና አልታየም።

እርሱን የተናገረችው ሳተላይቷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነው የአንድ ዓመት መረጃ በሙቀቱና በፖላራይዜሽኑ መካከል በሰፊ ማዕዘን ላይ ያለው ተዛምዶ ከተጠበቀው በልጦ ተገኘ፤ ከዚህም ታው 0.17 ± 0.04 እንደሆነ ተሰላ። ትርጉሙ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ በ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሃይድሮጅኑን አዮናይዝ አድርገዋል የሚል ነበር። ውጤቱ አነጋገረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሩቅ ኳዘሮች የመጣው ብርሃን፣ ጽንፈ ዓለም ወደ አንድ ቢሊዮን ዓመት ሲጠጋ ገለልተኛ ሃይድሮጅን ገና ፈጽሞ እንዳልጠፋ አመልክቶ ነበር። ሁለቱን ለማስታረቅ ዳግም አዮናይዜሽን ሁለት ጊዜ ተካሂዷል፣ ወይም እጅግ ቀደም ብሎ ጀምሮ ተጓትቷል የሚሉ ጽሑፎች በብዛት ወጡ።

የሳተላይቷ ቡድን ግን የፖላራይዜሽን ካርታዎቹን በዚያ ዓመት አላወጣም። የጋላክሲው ጨረር አወጋገድና የመሣሪያው ሁካታ ትንታኔ እስኪጠራ ሦስት ዓመት ገደማ ወሰደ። በላይማን ፔጅ መሪነት የተጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2006 የቀረበው ትንታኔ ሙቀቱን ሳይጨምር ከፖላራይዜሽኑ ብቻ ታው 0.10 ± 0.03 መሆኑን አሳየ። ቁጥሩ ወደ ግማሽ ሲወርድ ከዋክብቱ በአንድ ጊዜ ወደ እኛ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ቀረቡ። ለማረም ያስገደደ የውጭ ተቃውሞ አልነበረም፤ የራሱን መሣሪያ ቀድሞ የሚጠራጠር ቡድን የራሱን ቁጥር ለወጠ። በዘጠኝ ዓመት መረጃ ማጠቃለያ ታው 0.089 ± 0.014 ሆኖ ቆየ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ፕላንክ ሳተላይት የዊልኪንሰኗ ያልነበራት አንድ ነገር ነበራት፤ የጋላክሲውን አቧራ ፖላራይዜሽን በግልጽ የሚያሳይ የ353 ጊጋኸርዝ ካርታ። በዚህ ካርታ አቧራው ከዊልኪንሰኗ ሳተላይት መረጃ እንደገና ሲጸዳ ታው 0.075 ገደማ ወረደ። ቀድሞ ከጥንታዊ ከዋክብት መጣ ከተባለው ምልክት ከፊሉ የገዛ ጋላክሲያችን አቧራ ነበር ማለት ነው። ፕላንክ በራሷ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ያስቀመጠችው ዋጋ 0.054 ± 0.007 ነው፤ ይህም የዳግም አዮናይዜሽንን መካከለኛ ጊዜ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ወደ 700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያደርሰዋል። ከኳዘሮቹ ጋር የነበረው ቅራኔም በዚያው ላላ።

የቁጥሩ መለዋወጥ ለከዋክብት ታሪክ ብቻ የሚያሳስብ አይደለም። በመንገድ ላይ የተበተነው ብርሃን የሙቀቱን ልዩነቶች ስለሚያደበዝዝ ከሰማይ የሚነበበው የልዩነቶች ብርታት በታው ልክ ይቀንሳል። ታው 0.17 ቢሆን የብርታቱ ቅናሽ 29 በመቶ፣ 0.054 ቢሆን ግን 10 በመቶ ገደማ ነው። የጥንቱ ጽንፈ ዓለም ሸካራነት ምን ያህል እንደነበር፣ ከዚያም ተነሥቶ ጋላክሲዎች በምን ፍጥነት መጠራቀም እንደነበረባቸው የሚሰላው ይህ ቅናሽ ከታወቀ በኋላ ነው። የኒውትሪኖዎች ክብደት የሚወሰነው በጋላክሲዎች መጠራቀም ላይ ባለው ጥቂት መጓተት ስለሆነ የታው ስሕተት በቀጥታ ወደዚያ ሂሳብ ይገባል። በቅርብ ዓመታት የጋላክሲዎች ሥርጭት ልኬት ከዳራው ጨረር ጋር ተጣምሮ ለኒውትሪኖዎች ከሚጠበቀው ያነሰ ክብደት ሲያመለክት፣ ታው ከፕላንክ ዋጋ ከፍ ብሎ ወደ 0.09 ቢጠጋ ችግሩ እንደሚቃለል የጠቆሙ ተመራማሪዎች አሉ። እነዚህ ቁጥሮች በሰፊ ማዕዘን ላይ በተዘረጋ፣ በጥቂት የሰማይ ቅርጾች ብቻ በሚነበብ ደካማ ምልክት ላይ የቆሙ ስለሆኑ ሌላ ነጻ ልኬት አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም።

የሚካሄደውም ፍለጋ ከዊልኪንሰን የሙያ ቤተሰብ የራቀ አይደለም። ሳተላይቷን የመሩት ቻርለስ ቤኔት ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቺሊ አታካማ በረሃ ክላስ የተባሉትን ቴሌስኮፖች አቁመዋል። መሣሪያዎቹ የሚቀበሉትን ብርሃን ፖላራይዜሽን በፍጥነት እያፈራረቁ ይለካሉ፤ ቀስ ብሎ የሚለዋወጠው የከባቢ አየርና የመሣሪያው ሁካታ በዚህ መፈራረቅ ይለያል። ከምድር ላይ ይህን ሰፊ አሻራ ማየት አይቻልም ይባል ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ውጤት ግን አሻራውን አየ፤ ዋጋውም በሰፋ የስሕተት ወሰን ውስጥ ከፕላንክ ጋር የሚስማማ ነበር። የተገኘውም የቴሌስኮፖቹን ካርታ ከፕላንክና ከዊልኪንሰን ሳተላይት ካርታዎች ጋር በማስተያየት ነው፤ ለየመሣሪያው የራሱ የሆነው ተጥሎ ለሁሉም የጋራ የሆነው ብቻ እንዲቀር ተደርጎ።